ስለ ልብ መደለቅና ስለ ምክንያቶቹ

በአሰላ ከተማ በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች ስለ ልብ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ «መሐንዲስን ስለ ልብ ምን አግብቶት?» የሚል ጥያቄ ከአንዳንዶቻችሁ ዘንድ እንደሚነሣ ሳልገምት አልቀረሁም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው። ይሁን እንጂ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ከሥራዬ ከፊሉ በጤና ጣቢያዎችና በሆስፒታሎች የሚገኙትን መሣሪያዎች መትከልና መጠገን ስለ ሆነ፣ የልብን የኤሌክትሪክ ጠባይ ከሚከታተሉ ሐኪሞች ጋር ብዙ ሰዓት አሳልፌአለሁ። ከዚህም በላይ በዚህ አዳራሽ ከተሰበሰብነው መካከል ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ እየተመላለሰ የማይሠራ ጥቂት ነው፤ አንድ ቀን እንኳ «ልቤ ድው ድው ይላል» ብሎ ያላማረረም እንዲሁ ጥቂት ነው። የሚሰጠው መልስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ደጋው ነው፤ ትለምደዋለህ» ይባላል። ዛሬ በተለይ ልናገር የምፈልገው ስለዚህ መልስ ነው። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ሰው ይገድላል።

በቅድሚያ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ በአንድ ቀንና ሌሊት ከ100,000 ጊዜ በላይ መታ ማለት ነው። በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ስለሚገፋ የቀኑ ድምር ከ7,000 ሊትር ይበልጣል። ለጥገና ሳይቆም ስድሳና ሰባ ዓመት የሚሠራ ፓምፕ የተከለ ባልደረባ ካለ እጁን ያውጣ! የዚህ ፓምፕ መነሻ ብልጭታ ከውጭ የሚመጣ አይደለም። አርተር ኪትና ማርቲን ፍላክ የተባሉ ሁለት ብሪታንያውያን እ.ኤ.አ. በ1907 እንዳሳዩት፣ በልብ ቀኝ የላይኛ ክፍል ያለች አንዲት ትንሽ ቋጠሮ ራሷ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። ሞገዱ የላይኞቹን ክፍሎች አልፎ ወደ ታችኞቹ ከመውረዱ በፊት በመካከለኛው መጋጠሚያ ላይ የሰኮንድ አንድ ዐሥረኛ ያህል ይዘገያል። ይህ መዘግየት ጉድለት አይደለም፤ የታችኞቹ ክፍሎች በደም እስኪሞሉ ድረስ የሚሰጥ ፋታ ነው።

እንግዲህ የልብ መደለቅ የምንለው ነገር በራሱ የበሽታ ስም አይደለም። ጤነኛ ሰው ልቡ መምታቱን አያስተውለውም፤ የደለቀበት ሰው ያስተውለዋል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። የሚያስተውለውም ወይ ምቱ ስለ ፈጠነ፣ ወይ ኃይሉ ስለ በረታ፣ ወይም ተራው ስለ ተዛባ ነው። እነዚህን ሦስቱን ለይቶ መናገር የቻለ በሽተኛ የሐኪሙን ሥራ በግማሽ አቃለለለት ለማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ተከሳሹ ወደ ደጋው እንምጣ። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። በስሌት ስንሄድ አዳማ ላይ ወደ 620፣ እኛ ባለንበት በአሰላ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 565፣ በቆጂ ላይ ወደ 540 ይወርዳል፤ ጭላሎ ተራራ ጫፍ ላይ የወጣ ሰው 460 አካባቢ ያገኛል። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ድርሻ ባይለወጥም ግፊቱ በዚሁ መጠን ስለሚቀንስ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን አሰላ ላይ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከአዋሽ ዳር ተነሥቶ በዴራና በኢቴያ አድርጎ በአንድ ቀን እዚህ የደረሰ ሰው ልቡ ቢፈጥን የሚያስደንቅ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ጉዞ የሚጫነው ስላነሰ የጉዞውን ቁጥር ያበዛል። ይህ ፍጥነት በተለይ ዳገት ሲወጡ ይጎላል፤ በጥቂት ቀናት፣ ቢዘገይ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥም ይረግባል። እስከዚህ ድረስ «ትለምደዋለህ» ትክክለኛ ምክር ነው።

እዚሁ ተወልዶ ያደገው ሰው ግን ሌላ ነው። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራራዎች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የደማቸው የሄሞግሎቢን መጠንም ሆነ የኦክሲጅን ሙሌቱ በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይተዋል። የአንዲስና የቲቤት ሰዎች በየራሳቸው መንገድ ከፍታውን ሲቋቋሙ የእኛዎቹ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ እንዳላቸው ከዚህ ታወቀ። በሩቁ ምስክር ካልረካን ደግሞ የቅርቡ አለን። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ የበቆጂ ልጅ ናት፤ በ1996 በአትላንታ፣ በ2000 በሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከዚችው ከአሰላ ነው። በሩጫ የዳበረ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚገፋ በዕረፍት ጊዜ ምቱ ከ60 በታች፣ አንዳንዴም እስከ 40ዎቹ ይወርዳል። ስለዚህ የዚህ አገር አየር ልብን የሚያረጋጋበት ጊዜም አለ ማለት ነው። የበቆጂ ወይም የሳጉሬ ልጅ ተቀምጦ ሳለ «ልቤ ደለቀ» ካለ፣ የተወለደበትን አየር መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመንገድ ቅየሳ ቡድን ውስጥ አብሮን ይሠራ የነበረ፣ ዕድሜው ሃያ ያልሞላ የዚሁ ደጋ ተወላጅ ነበር። ሜትሩን ይዞ ዳገቱን ሲጀምር እንደ ሌላው ነበር፤ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ግን ይቀመጥና እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ከቡድኑ አንዱ «ደጋው ነው» አለ፤ ሌላው ጾሙን አሳበበ፤ ሦስተኛው ዝንጅብል አቀረበለት። ልጁም ሰው እንዳይስቅበት መሰለኝ ዝም እያለ ይነሣ ነበር። በኋላ ሌሊት ሌሊት ጋደም ማለት እያቃተው ጆንያ ተደግፎ ማደር ጀመረ። በዚያ ሰፈር በኩል ታልፍ የነበረች አንዲት ነርስ የእጁን ትርታ ይዛ አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም አለችና፣ «ይህ ልጅ ነገ ሆስፒታል ይሂድ፤ ትርታው ተራ የለውም» አለች። በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ ሲታይ፣ በግራ ልቡ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ያለው ቫልቭ ተጣብቆ ጠቦ ተገኘ።

የዚህ መነሻ በልጅነት የተያዘ የጉሮሮ ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ጉሮሮ ያቆስላል። ከጥቂቶቹ ላይ ሁለትና ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ትኩሳትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ቁርጥማት ይከተላል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመውጋት ያዘጋጀው መሣሪያ የገዛ ልቡን ቫልቭ ይመታዋል። ቁርጥማቱ ይድናል፤ ቫልቩ ግን በየጊዜው በሚደጋገመው ጥቃት ይወፍርና ይጣበቃል። እኛ መሐንዲሶች ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ሳይነገረን እናውቀዋለን። መውጫው የጠበበ ጋን ግፊቱ ይጨምራል፤ ግድግዳውም ይለጠጣል። የተለጠጠው የላይኛው ክፍል የኤሌክትሪክ ሥርዓቱን ያጣና አንድ ሆኖ መኮማተሩን ትቶ ይርገበገባል። ያን ጊዜ ትርታው ተራ ያጣል፤ ከረገበገበው ክፍል ጥግ ደም ይረጋል፤ የረጋውም ደም ወደ አንጎል ቢሄድ ሰውየውን በአንድ ጎኑ ሽባ ሊያደርገው ይችላል። በሃያ ዓመት ልጅ ላይ! በሀብታሞቹ አገሮች ይህ የልብ መርገብገብ ባመዛኙ የሽማግሌዎች በሽታ ነው፤ በእኛ አገር ግን ወጣቶችንና ነፍሰ ጡር እናቶችን ያጠቃል።

ከዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ እንጥሉን ማስቆረጥ በየገጠሩ ገና አልቀረም። እንጥል ቢቆረጥ ባክቴሪያው አይሞትም፤ የሚሞተው በፔኒሲሊን ነው። በሽታው አንድ ጊዜ ልብን ከነካ በኋላም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወሰደው የፔኒሲሊን መርፌ ጥቃቱ እንዳይደገም ይከላከላል። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንኑ በሽታ የሚመለከት ውሳኔ አሳልፏል። በአገራችንም ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የሕክምና ማዕከል ለመክፈት በቅቷል። ሆኖም ማዕከሉ አዲስ አበባ ነው፤ ከዚህ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ወደዚያ የሚያደርሰው የመጀመሪያው እርምጃ ግን እዚሁ፣ አንድ ሰው የልጁን ትርታ ይዞ አንድ ደቂቃ ሲቆጥር የሚጀመር ነው። ያ የቅየሳ ረዳት ዛሬ መርፌውን በየወሩ ይወስዳል፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒትም ይውጣል፤ ሥራውም በመጋዘን ውስጥ ሆኗል። ዳገት አይወጣም።

እንዲህ ስል ልቡ የደለቀ ሁሉ ቫልቩ ታሟል እንዳትሉኝ አደራ። ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው እንዲያውም ጉዳት የሌለው ነው። ብዙ ሰው «ልቤ ዘለለ፣ ወይም አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ደረቴን መታኝ» ይላል። ይህ የሚሆነው አንድ ምት ከተራው ቀድሞ ሲመጣ ነው። የቀደመው ምት ልብ ሳይሞላ ስለመጣ አይሰማም፤ ከእርሱ በኋላ ረዘም ያለ ዕረፍት ይሆናል፤ በዚያ ዕረፍት ልብ ከወትሮው በላይ ይሞላና የሚቀጥለው ምት በኃይል ይወጣል። ሰውየው የሚደነግጠው ተራውን በጠበቀው በጤነኛው ምት ነው። ልቡ በሌላ በኩል ደኅና ለሆነ ሰው ይህ አያሰጋም፤ እንቅልፍ ማጣት፣ ድካምና ቡና ግን ያበዙታል።

ሌላው ዓይነት እንደ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ያለ ምክንያት፣ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ እንኳ፣ ምቱ በአንድ ጊዜ ከ70 ወደ 180 ይዘልላል፤ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ እንደ ጀመረ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። በሩጫ ወይም በድንጋጤ የሚመጣው ፍጥነት ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ይህኛው ግን ደረጃ የለውም። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በልብ ውስጥ ያለ አንድ ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ ነው፤ ሞገዱ በዋናው መስመር ወርዶ በትርፉ መስመር ተመልሶ ይወጣና ክብ ይዞረዋል። ዎልፍ፣ ፓርኪንሰንና ዋይት የተባሉት ሦስት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1930 የጻፉለት ዓይነት በስማቸው ይጠራል። እኛ እንዲህ ያለውን ነገር ሾርት እንለዋለን። ትንፋሽን ይዞ እንደ ማማጥ ማለት ወይም ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ መንከር አንዳንዴ ያቆመዋል፤ መሠረታዊው ሕክምና ግን ትርፉን መንገድ መቁረጥ ነው።

ከልብ ውጭ ያሉት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ደም ያነሰው ሰው፣ በተለይም ከወሊድ በኋላ ያለች እናት፣ ልቧ የሚፈጥነው የደሙን ማነስ በምት ብዛት ለማካካስ ነው። ትኩሳት በእያንዳንዱ ዲግሪ ምቱን ወደ 10 ያህል ያሳድገዋል። በደጋው አገር ደግሞ እንቅርት አለ። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ በአዮዲን እጥረት ያብጥና ከብዙ ዓመት በኋላ አንዳንዱ ከልክ በላይ መሥራት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ልብ ቀንና ሌሊት ይፈጥናል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ብርድ እንኳ አይበርድም። በአሰላ ሐምሌ ውስጥ ሙቀት የሚሰማው ሰው ካያችሁ አንገቱን ተመልከቱ። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ በአገራችን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ እጅግ የሚደገፍ ነው። ይሁንና ለዓመታት አዮዲን ተጠምቶ የኖረ አሮጌ እንቅርት አዮዲኑን ሲያገኝ የሚያፈጥንበት ጊዜ እንዳለ ሐኪሞች ያውቃሉ። ጥፋቱ የጨው አይደለም፤ እንቅርት ያለበት ሰው ግን መታየት አለበት። የአስም መንፊያና አንዳንድ የጉንፋን ክኒኖችም ምትን ያፈጥናሉ።

ስለ ቡና ብናገር ከዚህ አዳራሽ በሰላም መውጣቴን እጠራጠራለሁ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ደኅና ሰው ላይ ክፉ ነገር አያመጡም፤ ቢደልቅብህ ግን ለሁለት ሳምንት ትተህ ሞክር፤ ሙከራው ነጻ ነው። ጫት ከዚህ የከበደ ነው፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ስለሆነ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ በሌሊት መኪና የሚነዱ ባልደረቦቻችን ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

በተለይ የእኛን ሙያ የሚነኩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከሰል ነው። የአሰላ ሌሊት ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ በሥራ ካምፕ ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት የተለመደ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሄሞግሎቢንን ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ቀድሞውንም ሦስት አራተኛ ኦክሲጅን ባለበት ከፍታ ላይ ይህ ሲጨመር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የልብ መደለቅ ምልክቶቹ ናቸው። ከሌሊቱ በአንድ ክፍል ካደሩት ሁለትና ሦስት ሰዎች ሁሉም በአንድነት ቢያማቸው፣ ምክንያቱ ደጋው ሳይሆን ምድጃው ነው።

ሁለተኛው የነቀዝ መድኃኒት ነው። አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ስለሆነ በየጎተራው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ይገባል። ክኒኑ የአየር እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ የልብን ጡንቻ ራሱን ይጎዳል፤ ማርከሻም የለውም። መኝታ ቤት ከጎተራ ጋር በአንድ ግድግዳ እንዲጋጠም ንድፍ የምናወጣ ባለሙያዎች ይህን ማወቅ ይኖርብናል። እኔ በበኩሌ የእህል ማከማቻ ከመኖሪያ ቤት ተለይቶ፣ የራሱ የአየር መውጫ ኖሮት ካልተሠራ ፊርማዬን አላኖርበትም።

ጭንቀትን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ምክንያት ስላልሆነ አይደለም፤ ትልቅ ምክንያት ነው። የርክክብ ቀን ሲቀርብ፣ ኦዲተር ሲመጣ፣ ልብ መደለቁ ተፈጥሮ ነው፤ አድሬናሊን ሥራውን መሥራቱ ነው። የምቃወመው ቃሉ ሳይመረመር መሰጠቱን ነው። በተለይ ሴት ባልደረቦቻችን «ተጨንቀሽ ነው» ተብለው ሲሸኙ በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ጭንቀት የሚባለው ሌላው ሁሉ ታይቶ ሲቀር ነው።

ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ ለማስፈር ያበቃን ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን ነው፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። የመጀመሪያው መሣሪያው ወደ 270 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ዛሬ ኢ.ሲ.ጂ. የምንለው በአንድ እጅ ይያዛል። ነገር ግን ሁለት ድክመቶቹን ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። የተለመደው ምርመራ የሚቀዳው 10 ሰኮንድ ያህል ነው፤ ቀኑ ደግሞ 86,400 ሰኮንድ አለው። ሰውየው ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ልቡ ከረጋ ወረቀቱ «ጤነኛ» ይላል፤ ይህ ማለት በዚያች 10 ሰኮንድ ጤነኛ ነበር ማለት ብቻ ነው። አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር ቀኑን ሙሉ በሰውነት ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀዳውን መሣሪያ የፈለሰፈው ለዚህ ነበር፤ የመጀመሪያው በጀርባ የሚታዘልና 38 ኪሎ ያህል የሚከብድ ስለነበረ ተሸካሚው ልቡ ቢደልቅ አይፈረድበትም!

ሁለተኛው ድክመት የእኛ ኃላፊነት ነው። ከደረት ላይ የሚለካው ኃይል አንድ ሚሊቮልት ያህል ነው፤ በግድግዳው ውስጥ የሚሄደው 220 ቮልት በ50 ሄርዝ ነው። ኤርዝ የምንለው የመሬት ሽቦ በሚገባ ካልሠራ የግድግዳው ሞገድ በልብ ሞገድ ላይ ይጻፋል። ሐኪሙ የልብን መርገብገብ የሚለየው ከትልቁ ሞገድ በፊት የምትመጣው ትንሿ ጉብታ መኖር አለመኖሯን አይቶ ነው፤ በተንቀጠቀጠ መስመር ውስጥ ግን ያችን ጉብታ ማን ያያታል? በአንድ ጤና ጣቢያ ለረጅም ጊዜ «መሣሪያው ተበላሽቷል» ተብሎ የተቀመጠ ኢ.ሲ.ጂ. እንድጠግን ተጠርቼ ሄጄ ነበር። መሣሪያው ምንም አልሆነም። የመሬቱ ዘንግ የተቀበረው በዋልካ አፈር ውስጥ ነው፤ ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ተሰንጥቆም ከዘንጉ ተለይቶ ነበር። ክረምት ሲገባ በራሱ ይሠራል፣ ጥር ላይ በራሱ ይበላሻል። ዘንጉን አጥልቀን፣ ሁለተኛ ጨምረን ካያያዝነው በኋላ መስመሩ ጠራ። በብርድ የሚንቀጠቀጥ በሽተኛም እንዲሁ መስመሩን ያበላሻልና የመመርመሪያው ክፍል ይሞቅ ዘንድ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። የመጀመሪያው ለእያንዳንዳችን ነው። ልባችሁ ሲደልቅ በዚያው ቅጽበት ሁለት ጣት በአውራ ጣት ሥር ባለው የእጅ አንጓ ላይ አኑሩ፤ ሰዓት እያያችሁ 60 ሰኮንድ ሙሉ ቁጠሩ፤ በሌላው እጅ ምቱን ጠረጴዛ ላይ አንኳኩ፤ እንደ ሰዓት ተራውን ጠብቋል ወይስ ተዛብቷል? መቼ እንደ ጀመረ፣ በድንገት ወይስ ቀስ ብሎ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደ ጠጣችሁ ወይም እንደ ዋጣችሁ ጻፉና ለሐኪሙ ስጡት። ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ ጋደም ሲሉ የሚብስ የትንፋሽ ማጠር ካለበት፣ በሩጫ መካከል ከመጣ፣ ወይም በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ማስታወሻ ለመጻፍ ሳይቆዩ ያኑኑ ዛሬ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ወደ ሆነው የአሰላ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያ ወዳለው ሕክምና መሄድ ይገባል።

ሁለተኛው ለማኅበራችን ነው። የመሬት መከላከያ መለኪያ ያላቸው አባሎች በዚህ አውራጃ ጥቂት አይደሉም። ከኢቴያ እስከ በቆጂ ባለው መንገድ ዳር ያሉት ጤና ጣቢያዎች ፈቃዳቸውን ከሰጡን፣ ዋልካው በሚሰነጠቅበት በጥርና በየካቲት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተከፋፈልን የእያንዳንዱን ኤርዝ እንለካ። ወጪው የነዳጅና የጥቂት ዘንጎች ዋጋ ነው። የሚሳተፍ ሰው ስሙን ከስብሰባው በኋላ በበሩ አጠገብ ባለው መዝገብ ላይ እንዲያሰፍር እለምናለሁ፤ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ሳጉሬ በኩል ነው።